ደህና ነኝ ሆይ

“እዚያ ላይ ቁሚ!” አለች ናስቲሆ። “እንደምን ምን?”

ፊርዶስ ጣቷን ከመስመሩ ሳታነሳ ቀና ብላ አየቻት። “እንደምን ሰነበቱ።”

“ማን ነው የሰነበተው?”

“አንቺ ነሻ፣ ሆዮ” አለች ፊርዶስ፣ እናቷን በሶማሊኛ ጠርታ። “ደብዳቤው ላንቺ አይደል የተጻፈው?”

“‘ሰነበትሽ’ ነው ወይስ ‘ሰነበቱ’?”

“‘ሰነበቱ’ ነው የሚለው።”

ናስቲሆ ከጣሪያው ሥር የተሰቀለ የሕፃን ቀሚስ ልታወርድበት ያነሳችውን ባለመንጠቆ ዘንግ እንደያዘች ቀረች። ቀሚሱን የምትጠብቀው ደንበኛ አንዴ እናቲቱን፣ አንዴ ልጅቱን አየችና፣ የመጣው ነገር ከዋጋ ክርክር በላይ መሆኑ ስለገባት ቀስ ብላ ወጣች። ውጭ የድሬዳዋው የታይዋን ገበያ እንደ ልማዱ ይጮኻል፤ አንዱ የስልክ ሽፋን፣ ሌላው የቱርክ ጂንስ እያለ ይጣራል።

ደብዳቤው የናሲር ነበር፤ የልጇ። እሱ ያለበት የሰሜን ግንባር ስልክ ከተቋረጠበት ጊዜ ጀምሮ ወሬው የሚመጣው በከባድ መኪና ሾፌሮች ኪስ ነው። ይህንንም ጠዋት ያደረሰው ለሠራዊቱ ስንቅ የሚያመላልሰው ሰማታር ነበር። ናስቲሆ ቁርአን ትቀራለች፣ በሦስት ቋንቋ ትከራከራለች፣ የአማርኛ ፊደል ግን አታነብም። ስለዚህ ወረቀቱን እንደታጠፈ ጉያዋ ከትታ፣ ፊርዶስ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ፣ እንቅልፏንም ተኝታ እስክትመጣ ድረስ ስትጠብቅ ዋለች።

ድሬዳዋ አንቱታ አይበዛባትም። ከደጋ ተሹሞ የሚመጣ ሹም የመጀመሪያውን ሰሞን የተደፈረ ይመስለዋል፤ የሚላላከው ጎረምሳ “አንተ፣ ቁልፉን አቀብለኝ” ሲለው ደሙ ይፈላል። ሲሰነብት ግን እሱም ቃዲውን “አንተ”፣ አሮጊቷን “አንቺ” እያለ፣ ያን ሁሉ ዘመን ምላሱን በከንቱ ማድከሙ ይቆጨዋል። ናስቲሆንም ልጆቿ፣ ደንበኞቿ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር “አንቺ” ይሏታል። አንቱታ ደጇን የረገጠው አንድ ቀን ብቻ ነው። ባሏ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ አንድ ጠዋት ባልደረቦቹ ኮት ለብሰው መጡና፣ “ወይዘሮ ናስቲሆ፣ እስቲ ይቀመጡ” አሏት። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማችውም። መስማትም አላስፈለጋትም፤ “ይቀመጡ” ሲሉ ጨርሰውት ነበር።

“ቀጥይ” አለች፣ ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደግፋ።

ፊርዶስ ከላይ ጀምራ አነበበች።

“‘ይድረስ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ናስቲሆ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ያለንበት ቦታ ከፍታ ስለሆነ ብርድ አለ። ጠዋት ስንነሳ የጀሪካኑ ውሃ ፊቱ እንደ መስተዋት ረግቶ እናገኘዋለን። እኛ አገር በረዶ የሚታየው ለስላሳ መሸጫ ቤት ብቻ ነው ብዬ ለጓዶቼ ብነግራቸው ሳቁብኝ…’”

“ብርድ” የሚለውን ስትሰማ የናስቲሆ እጅ ሳያስፈቅዳት ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሄደ። እዚያ አንድ ካርቶን የሱፍ ጓንት ተቀምጧል፤ ከገዛችው ቦንዳ ውስጥ ተቀላቅሎ የመጣ፣ በድሬዳዋ ሐሩር አንድም ገዢ ያጣ፣ የታይዋን ነጋዴ በሙሉ ሲስቅበት የከረመ ዕቃ። አንድ ጥቁር ጥንድ አውጥታ ጭኗ ላይ አኖረች።

“‘ምግባችን ኮቾሮ ነው። ከሻይ ጋር ሲሆን ይለሰልሳል፤ ሻይ ከሌለ ጥርስ ይፈተናል። ልብስ ያጠብን ዕለት ካልሲያችን እስኪደርቅ በባዶ ጫማ እንውላለን። ምሽጋችን ውስጥ አራት ሆነን እናድራለን፤ ሁለቱ ሲጠብቁ ሁለቱ ይተኛሉ። ፍየሏ አሁንም የጫማ ካርቶን ትበላለች ወይ? ፊርዶስ ከሌሊት ፈረቃ ስትወጣ ያገኘችው ባጃጅ ላይ እንዳትሳፈር፤ ሃሺ ይውሰዳት። ስለ እኔ አያስቡ። ልጅዎ ናሲር።’”

ፊርዶስ ወረቀቱን ዝቅ አደረገች። ዓይኖቿ በእንባ ሞልተው ከንፈሯ ግን ይስቃል። “ሰማሽ? ስለ ፍየሏ እኮ ጠየቀ!”

“ጽሑፉ የሱ ነው?”

ልጅቱ መልስ ከመስጠቷ በፊት የወሰደችው ጊዜ ትንሽ ነበር፤ ለናስቲሆ ግን በቂ ነበር።

“ጽሑፉ… ያምራል” አለች ፊርዶስ።

“የናሲር ጽሑፍ ያምራል እንዴ?”

“የናሲርማ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። ግን ሆዮ፣ ወታደር ቤት አስተምረውት ይሆናላ! አንቱታውንም እዚያ ለምዶት ይሆናል።”

“የገዛ እናቱን? ‘ለጤናዎ’?” ናስቲሆ ድምፅዋን አላነሳችም። “የዋሂል መንደሯን ሁዶን ረሳሻት? ልጇ ከሞተ በኋላ ስንት ጊዜ ደብዳቤ መጣላት? ጓደኞቹ ናቸው አዝነውላት በስሙ ሲጽፉላት የከረሙት። እሷም ስለ ግመሎቹ ጠይቋል እያለች ለመንደሩ ሁሉ ታስነብብ ነበር። ምሽግ ውስጥ አብሮ የሚያድር ሰው ስለ ፍየልም ያወራል፣ ስለ እህትም ያወራል። ሲሞትም ያወራው ይቀራል።”

“አቦ አታሟርቺ!”

ናስቲሆ ግን ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። ሰማታር የሟች ባሏ የልብ ወዳጅ ነው። በሚመላለስበት ዘመን ሁሉ ይህን ሱቅ ሳይሳደብ ገብቶ አያውቅም፤ “አንቺ ሌባ፣ እስከዛሬ አልታሰርሽም?” ነው ሰላምታው። ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን በሁለት እጁ አቀበላት። ቁጭ በል ብትለው እቸኩላለሁ አለ። ሲወጣም ዘወር ብሎ፣ “በርቺ ናስቲሆ” አላት።

“‘በርቺ’ ነው ያለኝ” አለች ድንገት ተነስታ። “ሳይሰድበኝ ሄደ። ተነሺ!”

“ወዴት?”

“መኪኖቹ ከዐሱር ሶላት በኋላ ነው የሚንቀሳቀሱት። ሳይሄድ ዓይኑን ማየት አለብኝ።”

ጓንቱን ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችና የሱቁን ቆርቆሮ በር በአንድ ጉተታ አወረደችው። ሱቋን በቀን ብርሃን ስትዘጋ አይቷት የማያውቀው የጎረቤት ነጋዴ አፉን ከፍቶ ቀረ። የባጃጁ ሹፌር ሃሺ ግን አፉን ከፍቶ የሚቀር ሰው አልነበረም።

“ኤዶ!” ብሎ ተጣራ፤ አክስቴ ማለቱ ነው። “ምነው በጠራራ ፀሐይ ዘጋሽ? የሰረቅሽው ቦንዳ ባለቤት መጣ?”

ናስቲሆ ገብታ እየተቀመጠች ወደ ፊርዶስ ጆሮ ጠጋ አለች። “ሰደበኝ። እሱ አልሰማም ማለት ነው።” ከዚያ ጮክ ብላ፣ “ተባረክ! ወደ መኪኖቹ ማቆሚያ፣ ቶሎ!” አለችው።

ሃሺ በስድቡ ተመርቆ ስለማያውቅ ግራ ገባው። በመስታወቱ አያት፣ ፊቷን ሲያይ ቀልዱን ዋጠና ነዳ። ድልድዩን ተሻገሩ። ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ፀሐይ ያብረቀርቃል። ከዚራ ሰፈር ሲገቡ የዛፎቹ ጥላ በላያቸው ላይ እየተቆራረጠ አለፈ፤ ጥላው ሲመጣ ናስቲሆ ትተነፍሳለች፣ ሲሄድ ትንፋሿን ትይዛለች። አንድ የሚያውቃት ሰው ከመንገድ ዳር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በአክብሮት ጎንበስ አለላት። ሌላ ቀን ቢሆን ልብ አትለውም ነበር።

“ለምንድን ነው የጎነበሰልኝ?” አለች።

“ሰላም ሊልሽ ነዋ!”

“ሰላም በእጅ ይባላል። ወገቡን ምን ሰበረው?”

ፊርዶስ የእናቷን እጅ ያዘች። ለምን እንደጎነበሰ እሷም መጠየቅ ጀምራ ነበር።

መኪኖቹ ከከተማው መውጫ አጠገብ ተሰልፈው፣ ግማሾቹ ሞተር አስነስተዋል። ሰማታር ጎማው ላይ ቆሞ የሸራ ገመድ እያጠበቀ ነበር። ወፍራም፣ ድምፁ የሰፈር ማይክራፎን የሚያስንቅ፣ ጺሙን በሂና ያቀላ ሰው ነው። ናስቲሆን ሲያይ ከጎማው ወረደ። እጁን በሽርጡ ጠረገ።

“ናስቲሆ… ደህና ዋልሽ?”

“ስደበኝ” አለችው።

“ምን?”

“እንደ ወትሮህ ስደበኝ።”

“አቦ ምን ሆነሻል? ሴትዮዋ ፀሐይ መቷታል እንዴ፣ ፊርዶስ?”

“ሰማታር፣ ስደበኝ!”

ሰማታር አፉን ከፈተ። “አንቺ…” አለ፤ ምራቁን ዋጠ። “አንቺ ሌባ።”

ጎን ለጎን የቆሙት ሾፌሮች ሳቁ። ናስቲሆ አልሳቀችም። “ድምፅህ ተንቀጠቀጠ” አለች። “ልጄ ሞቷል?”

“ወላሂ አልሞተም! በዓይኔ አይቼዋለሁ!”

“‘ወላሂ’ን እኔም በቀን መቶ ጊዜ እለዋለሁ፤ ጂንስ ስሸጥ። አይተኸዋል? ታዲያ ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈው?”

ሰማታር ወደ ሸራው፣ ወደ ሰማዩ፣ ወደ ፊርዶስ ጫማ ተመለከተ። ናስቲሆን ብቻ አላያትም። “እኔ ምን አውቃለሁ? ሰጠኝ፤ አመጣሁ።”

“ማን ሰጠህ?”

“ናሲር ነዋ!”

“ናሲር ‘ልጅዎ’ ብሎ አይጽፍልኝም።” ወደ ፊርዶስ ዞረች። “አንብቢው። ከላይ ጀምሪ። አንድ ፊደል እንዳትዘዪ። እሱ ይስማ፣ እኔ ፊቱን አያለሁ።”

ፊርዶስ ጀርባዋን ለፀሐዩ ሰጥታ ወረቀቱን ዘረጋች። አሁን የምታነበው እንደ ተማሪ ነበር፤ ቃል በቃል፣ ሳትቸኩል።

“‘ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ ሆይ…’”

“ምን አልሽ?”

“‘ሆይ’ ይላል። ስህተት ነው፤ ቅድም ዘልዬው ነበር። ‘ሆይ’ እኮ ስም ተከትሎ ነው የሚገባው። እናቴ ሆይ፣ አገሬ ሆይ ይባላል። ‘ደህና ነኝ ሆይ’ ተብሎ አይጻፍም።”

“ሌላም ቦታ ዘለሻል?”

ፊርዶስ በዓይኗ ወረደች። “ብዙ ቦታ አለ። እያንዳንዱ ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚጨምረው። ‘ብርድ አለ ሆይ።’ ‘ሳቁብኝ ሆይ።’ ‘ፍየሏ አሁንም የጫማ ካርቶን ትበላለች ወይ ሆይ…’”

“እንደገና።”

“‘ትበላለች ወይ ሆ…’” ፊርዶስ ቃሉን መጨረስ አልቻለችም። ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር፣ “ሆዮ” አለች።

የናሲርን አፍ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመስማት ጆሮ አያስፈልገውም ነበር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንድ ነገር ተናግሮ “ሆዮ” ሳይል አይጨርስም፤ ራበኝ ሆዮ፣ ወጣሁ ሆዮ፣ ኳሱ ጣሪያ ላይ ወጣ ሆዮ። አማርኛም ሲናገር፣ ኦሮምኛም ሲናገር ይህችን አንዲት የሶማሊኛ ቃል ከኋላው እንደ ጭራ ይጎትታታል። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን የሌላ ሰው እጅ ነው፤ ያማረ ፊደል የሚጥል፣ እናት በዚህ ቃል እንደምትጠራ ሰምቶ የማያውቅ ሰው። የሰማውን ድምፅ ከሚያውቀው ቃል ጋር አጋብቶ፣ “ሆይ” ብሎ አስቀምጦታል።

“ከራሱ የሚጽፍ ሰው” አለች ናስቲሆ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ብርጭቆ እያስቀመጠች፣ “የማያውቀውን ቃል አይጨምርም። ይሄ ሰው እየሰማ ነው የጻፈው። ልጄ አጠገቡ ተቀምጦ ያወራ ነበር።”

“እያወራ ነበር!” አለች ፊርዶስ፣ እናቷን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ። “እየለፈለፈ ነበር እንጂ!”

ናስቲሆ መኪናው ላይ ተደገፈች። የጋለው ብረት በልብሷ ውስጥ ገብቶ ሲያቃጥላት አልተሰማትም። ከሆዷ የወጣው ነገር ሳቅ ይሁን ለቅሶ ሳይለይ፣ “አልሐምዱሊላህ” ብቻ ሆኖ ጨረሰ። ሰማታርም በእፎይታ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ አነሳ፤ የጠፋው ድምፁ ተመለሰለት።

“አላልኩሽም? አንቺ መቼ ሰው ታምኛለሽ! ራሱ ነው ብዬሽ ነበር! መኪናው ድረስ መጥቶ በግራ እጁ ከኪሱ አውጥቶ…”

ቆመ።

ናስቲሆ ከመኪናው ላይ ተነሳች። “በምን?”

“ከኪሱ…”

“በግራ እጁ ነው ያልከው። ለአባቱ ወዳጅ፣ ለታላቁ ሰው፣ ልጄ በግራ እጁ ዕቃ አይሰጥም። እኔ እንደዚያ አላሳደግኩትም።”

የፊተኛው መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ሾፌሮቹ ወደየመሪያቸው መውጣት ጀመሩ። ሰማታር የሸራውን ገመድ ያዘ፤ ጠብቆ የነበረውን እንደገና አጠበቀው።

“በአባቱ ስም አስማለኝ፣ ናስቲሆ።”

“ምን እንዳትነግረኝ ብሎ?”

“ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም፤ ለመጠየቅም አላስቻለኝም። ፋሻው…” አለና የራሱን እጅ ከአንጓው በላይ ያዘ፤ ወዲያው ለቀቀው። “በግራ እየተለማመድኩ ነው፣ ራሴ እጽፍላታለሁ፣ እስከዚያ ዝም በል አለኝ። አለምብርሃን የሚባል ጓደኛው ነው የጻፈለት፤ ከደጋ የመጣ ጨዋ ልጅ። እኔ ጎማ ስቀይር ሲጨቃጨቁ ነበር። ናሲር ‘አንቺ በላት’ ይለዋል፣ ያኛው ‘እናትን አንቺ ብሎ እጄ አይጽፍም’ ይላል። ‘እጅ ያለህ አንተ ነህ፣ እንደፈለግህ ጻፍ’ አለው ናሲር፤ ሁለቱም ሳቁ።”

“ሳቁ?”

“ወላሂ ሳቁ። ይሄኛው ወላሂ የጂንስ አይደለም።”

ናስቲሆ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና፣ ሱቁ ደንበኛ እንደመጣለት ነጋዴ፣ በፍጥነት፣ “ወረቀት አለሽ?” አለች።

ፊርዶስ ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ ገጽ ገነጠለች፤ የመኪናው መወጣጫ ላይ አስደግፋ ተንበረከከች። “ስለ እጁ ምን ልበል?”

“ስለ የትኛው እጅ?”

“ሆዮ…”

“እሱ ነግሮኛል? አልነገረኝም። ራሴ እጽፋለሁ ካለ ይጻፍ፤ እኔ እጠብቀዋለሁ። ጻፊ። ‘ደህና ነን። ፍየሏ ካርቶን መብላት ትታ አሁን የሃሺን የባጃጅ መቀመጫ ጀምራለች። ፊርዶስን የሚያመላልሳት ሃሺ ነው፤ አፉ ግን አልተሻለውም። ኮቾሮውን ያለ ሻይ አትንከስ፣ ጥርስህ የአባትህ ነው፣ ደካማ ነው። ጓዶችህን ሰላም በልልኝ።’”

እየተናገረች ጥቁሩን የሱፍ ጓንት ከቦርሳዋ አውጥታ ለሰማታር ዘረጋችለት። ሰማታር ጓንቱን አየ፤ እሷን አየ።

“ሁለቱንም?” አለ ቀስ ብሎ።

“ልጄ ሁለት እጅ ነው ያለው። ከዚህ የተለየ የነገረኝ ሰው የለም።”

ሰማታር ጥንዱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከኋላቸው ሁለተኛ ጥሩምባ ተነፋ፤ ሰልፉ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሰማታር ጋቢናው ላይ ወጥቶ ሞተሩን አስነሳ። “ቶሎ በሉ አቦ! እናንተን እያልኩ ከሰልፉ ልቆረጥ ነው!”

“ጨረስኩ” አለች ፊርዶስ። “ፈርሜልሻለሁ፤ ‘እናትህ ሆዮ’ ብዬ። ለአለምብርሃንም ከታች ልጻፍለት? ቃሉ ‘ሆይ’ እንዳልሆነ፣ ‘ሆ’ እና ‘ዮ’ መሆኑን? እናት ማለት ነው ልበለው?”

ናስቲሆ ወረቀቱ ላይ ጎነበሰች። ፊደሎቹን አታውቃቸውም፤ ፊርዶስ ጣቷን ያሳረፈችበትን ሁለቱን ግን ለይታ አየቻቸው።

“ይቺ ናት?”

“እሷ ናት።”

“አጥፊያት።”

“ሆዮ! ስምሽ እኮ ነው!”

“ቃሉን ካስተማርነው ከራሱም ሊጽፈው ይችላል” አለች ናስቲሆ። “ጨዋ ልጅ ነው ተብሏል። ጨዋ ልጅ ያዝናል፤ የሚያዝን ሰው ምን እንደሚያደርግ ሁዶ ታውቃለች። ካላወቀው ግን የሚጽፈው ከልጄ አፍ ሲሰማው ብቻ ነው። አጥፊያት።”

ፊርዶስ እናቷን ሽቅብ አየቻት። ከዚያ እስክሪብቶዋን አጥብቃ ይዛ በሁለቱ ፊደሎች ላይ ተመላለሰችባቸው፤ ወረቀቱ ሊቀደድ እስኪደርስ።

“ታዲያ ምን ብዬ ልፈርም?”

“ደብዳቤው እንደጠራኝ። ‘እናትህ ወይዘሮ ናስቲሆ’ በይ።”

ፊርዶስ ጻፈች። ናስቲሆ ወረቀቱን ተቀብላ ወደ ፀሐዩ አነሳችው፤ ጥቁሩን ቦታ ከፊትም ከጀርባም አየችው።

“ምንም አይነበብም?”

“ምንም።”

አጥፋ ለሰማታር አቀበለችው።